ኪሎ ከሩብ

አሮጌው ላፕቶፔ አይከል ላይ፣ ሰባተኛው ስላይድ ላይ፣
መብራት ሄደና ባትሪው ተሟጠጠ፤
የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ለቅሶ እንደደረሰ ሰው፣ ከንፈሩን መጠጠ።

ሦስት ኪሎ ነበረ፣ ቻርጀሩ ሳይቆጠር፤
ማራገቢያው ከተነሣ ወፍጮ ቤት ነው፣ ሰው አያነጋግር።
በሚኒባስ፣ እሱ ጭኔ ላይ፣ እሱ ላይ ደግሞ የሰው ዶሮ፣
ዳባት እስክንደርስ እግሬ ደንዝዞ ኖሮ
ስወርድ የረዳቱን ትከሻ ይዤ ነው የቆምኩት፤
የሚቀጥለው ቀላል ይሁን ያልኩት
ያን ቀን ነው።

ወንድሜ ኪሩቤል "ታብሌት ግዢ" አለኝ፣ "በጣት ነው፣ ዘመናዊ"፤
ቅንፍ ከፍቶ መዝጋት በጣት ሞክረው እስቲ፣ አንተ ብልጣ ብልጥ መካሪ።

ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ቁልቁል፣ አዛናው ሱቅ።
መስታወቱ ውስጥ ተደርድረዋል፣ አፋቸውን ከፍተው፣
ሁሉም ያገለገሉ፣ ሁሉም በሰው ጣት ታሽተው።
"ይቺ እህቴ፣ ለጌም፣ ለፊልም፣ ለሁሉም ናት" አለኝ፤
ሰፊዋን ሲያስቀምጥ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ አየሁና በቃኝ።
"እኔ ኮድ ነው የምጽፍ፤ ጥቁር ገጽ፣ ነጭ ፊደል፤
ጎኗ ላይ ቀዳዳ ትኑራት፣ የፕሮጀክተር ገመድ የምትቀበል፤
ባትሪዋም ትሁን፣ መብራት ኃይልን የማታምን፤
ዋጋዋም፣ ደመወዜን የማያስለምን።"

ሣቀ። ከተጠላለፈ ገመድ ሥር አንዲት ትንሽ ጎትቶ አወጣ፤
ክዳኗ የተጫረ፣ ከሆዷ አንድ ብሎን የወጣ።
"ኢ" የሚለው ፊደል ከቁልፉ ላይ ጠፍቷል፤
የማን ጣት ይሆን? በየት አገር? ምን ጽፎ ጽፎ በልቶታል?
ምናልባት ስንብት፤ ምናልባት የሒሳብ ሪፖርት፤
ምናልባት እንደኔው፣ አንዲት ኮማ ሲፈልግ ያደረበት ሌሊት።

"አራት ጊጋ ራም፤ ታንሳለች" አለኝ አዛናው ራሱ፤
ሻጭ ዕቃውን ሲያማ የሰማሁት ያን ቀን ነው፣ ይባረክ ምላሱ።
ግድ የለም፤ እኔ ስምንት መስኮት ባንዴ አልከፍት፤
አንዱን ዘግቼ ነው ወደ ሌላው የምገባ፣ እንደ ጠባብ ቤት።

ሱቁ ውስጥ ኳስ የሚያዩ ልጆች ነበሩ፤ ከቴሌቪዥኑ ገመድ ነቅሎ ሰካባት፤
ሜዳው ጠፋ፤ በቦታው "ሰላም ጎንደር" ወጣ፤ ልጆቹ ጮኹባት።

አሥራ ስምንት ሺህ አለ። አሥራ አምስት አልኩ።
አሥራ ስድስት ተኩል ላይ ሁለታችንም ደከመን፤
"ግን ክብደቷስ?" አልኩት፣ ብሩን ሳልቆጥር ገና፣ እዚያው እንደቆምን።
"በእጅሽ ያዢያት!" ይለኛል፤
እጄን አላምነውም፤ የወደደውን ሁሉ "ቀላል ነው" ይላል።

ከጎን በርበሬ የምትሸጥ ጥሩወርቅ አለች፤
"ሚዛንሽን አውሺን" አልናት፤ እጇን በሽርጧ ጠራረገች።
በአንዱ ሳህን እሷን፣ በሌላው ብረቱን፤ አንድ ኪሎ፣ ከዚያ ሩቡን፤
ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን አየን፣ የሚዛኑን ምላስ መርጋቱን።

"ኪሎ ከሩብ" አለች። "ለመሆኑ ውስጧ ምን አላት?"
"ምንም። ባዶ ናት፤ ገና ነው የምሞላት።"
"ባዶዋን ይሄን ያህል? ስትሞላ ማን ሊችላት!"
"ስትሞላም ያው ናት፤ አትጨምርም" አልኳት።
ብረቱን አነሣች፤ ዝም ብላ አሰበች፤
"በርበሬም እንዲያ ቢሆን፣ ከስሬ ነበር" አለች።

በሳምንቱ ደባርቅ ነበርኩ፤ አዳራሹ ብርድ፣ ሰዉ በካፖርት፤
የመድኃኒት መዝገቡን ላሳይ ስል፣ እንደ ልማዱ፣ ሄደ መብራት።
ፕሮጀክተሩ ጨለመ። እሷ ግን አልጨለመች።
"ቀረብ በሉ" አልኩ፤ ወንበር ተጎተተ፤
አሥራ ሁለት ራስ፣ መዳፍ በምታህል መስኮት ዙሪያ ተገጠገጠ፤
ሰባተኛው ስላይድ አለፈ፤ ማንም ከንፈሩን አልመጠጠ።

እየሠራች ስትሞቅ ግን፣ ከቁልፎቿ ሥር፣ አንድ ሽታ ቀስ እያለ ተነሣ፤
አንዱ ነርስ አነጠሰ፤ ሌላው ዞር ዞር ብሎ፣
"ማነው" አለ፣ "የከፈተው ምሳ?"